ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የታጠቡት አባባ

«ልጄ፣ በዚህ ሌሊት የምታጥቢኝ ሞቻለሁ እንዴ?»

ይህን የጠየቁኝ ከሰሜን ሸዋ የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው። (የሚታወቁበትን ነገር ቀያይሬዋለሁ፤ አባባ እያልሁ እቀጥላለሁ።) ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ ስድስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ቆዩ። ይህ የሆነው ቱቦው ከጉሮሯቸው በወጣ በሁለተኛው ሌሊት ነው። ሳፋዬን አስቀምጬ እርጥቡን ጨርቅ ደረታቸው ላይ ሳሳርፍ ነቁ። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም፣ ሰው ተጋድሞ በሌላ ሰው እጅ ገላው የሚታጠበው ሲገነዝ ነው። እኔ ግን ሳቅሁ። «ኧረ አባባ፣ ንጹሕ ሆነው እንዲያድሩ ነው» ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሊነጋ ሁለት ሰዓት ለቀረው ሌሊት «እንዲያድሩ»!

በዚያ ሰዓት የምናጥበው ለሕመምተኛው ብለን አልነበረም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ርክክብ አለ፤ ከዚያ ሐኪሞች ይዞራሉ፤ ከዚያ ራጅና ምርመራ ይከተላል። የቀኑ ተረኛ «ሳታጥብ አስረከበችኝ» እንዳትል፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል ማጠብ ነው። እኔም እንዲሁ ተማርሁ፤ ከእኔ በኋላ ለመጡት ነርሶችም እንዲሁ አስተማርሁ።

አባባ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሰዓት መጠየቅ አበዙ። የእኛ ክፍል መስኮት የለውም። መብራቱ ቀንም ሌሊትም ያው ነው፤ ለቀን የደበዘዘ፣ ለሌሊት የበዛ።

«ሲስተር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ነው አባባ።»

«የጠዋቱ ነው የማታው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁት። ለእሳቸው ምንም አይነግርም። የእኛ አቆጣጠር ከፀሐይ መውጣት የሚነሳ ነው፤ ፀሐይዋን ላላየ ሰው ሁለት ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በቃ። «እዚህ ዶሮ አይጮህም?» አሉኝ ቀጥለው።

የሰውነታችን ሰዓትም እንደ አባባ ምልክት ይፈልጋል። አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ክፍል አለች፤ የእንቅልፉን፣ የሙቀቱንና የሆርሞኑን ጊዜ የምታስተባብረው እሷ ናት። ለብቻዋ ከተተወች የአብዛኛው ሰው ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ትዘገያለች፤ በየዕለቱ የሚያስተካክላት በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለው የሌሊት ሆርሞን ይመነጫል፤ ሌሊት መብራት ከበራ ይቀንሳል። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ የ2017ን የሕክምና ኖቤል ሲሸለሙ፣ ሥራቸው በአብዛኛው የተሠራው የበሰለ ሙዝ ላይ በምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ ነበር። ለዝንብ እንኳ ጨለማና ብርሃን ለይተው ሰጥተዋታል።

አንድ ሌሊት ወረቀት ይዤ በአባባ አልጋ ላይ የምናደርገውን ቆጠርሁ። የደም ግፊት መለኪያው በየሰዓቱ ክንዳቸውን ያንቃል። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣሉ። ስኳር መለካት፣ መድኃኒት መስጠት፣ አክታ መምጠጥ፤ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ለላቦራቶሪ ደም። ሳይነኩ የቆዩበት ረጅሙ ጊዜ 50 ደቂቃ አልሞላም። በስልኬ ትራሳቸው አጠገብ ድምፁን ለካሁ፤ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሆስፒታል ሌሊት ያስቀመጠው 30 ነው። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ ግን የ30 ዴሲቤል ስህተት ይሠራል ብዬ ራሴን ማጽናናት አልቻልሁም። ከድምፁም ቀላል የማይባለው የእኛው የነርሶች ወሬ ነበር።

ቤተሰብ መጥቶ «ተመስገን፣ ተኝተዋል» ሲል ዝም እላለሁ። በማደንዘዣ ዓይን መከደን እንቅልፍ አይደለም። ሚዳዞላምና ዳያዜፓም የተባሉት ማደንዘዣዎች ሰውን ጸጥ ያሰኛሉ እንጂ ጥልቁን እንቅልፍ ያሳንሳሉ፤ ለመቃዠትም ያጋልጣሉ። የፅኑ ሕሙማን እንቅልፍ ሲደመር የጤነኛ ሰው ያህል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተቆራርጦ፣ ግማሽ ያህሉ በቀን ይሆናል። አባባም «በሬዎቹ አዝመራ ገቡ!» እያሉ ካኑላውን ለመንቀል ይታገሉ ነበር። ልጃቸው ጸበል ይዛ መጣች። አልከለከልኋትም፤ በግንባራቸው ረጨችላቸው። እኔ የለመንኋት መነጽራቸውን እንድታመጣና ስትገባ ሁልጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን እንድትነግራቸው ነው።

ከዚያ ከባልደረቦቼ ጋር ተጨቃጨቅን። ትጥበቱ ከማታው 3 ሰዓት በፊት ወይም ከነጋ በኋላ ይሁን አልሁ፤ የቀን ተረኞች አኮረፉ። የአሜሪካ የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ሌሊት ድምፅና ብርሃን እንዲቀነስ፣ የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ እንዲሰጥ ይመክራል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መሸፈኛ ስላልነበረን ንጹሕ ፋሻ በአራት አጥፌ ዓይናቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ መጀመሪያ ግን ነገርኋቸው፣ ደግሞ ለግንዘት እንዳይመስላቸው። የሚቀር እንዳለ ሁሉ የማይቀርም አለ፤ መገልበጡ አይቀርም፤ የደም ግፊቱ የወረደ ሕመምተኛም «ተኝቷል» ተብሎ አይተውም።

ወደ ተራ ክፍል ከመዛወራቸው በፊት ባለው ሌሊት የላቦራቶሪው ልጅ 11 ሰዓት ላይ መርፌውን ይዞ መጣ። አባባ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። «ሲነጋ ተመለስ» አልሁት። እያጉረመረመ ሄደ።

ከወር በኋላ ልጃቸው ደወለች። ደህና ናቸው፣ በልተው ይጠግባሉ። ነገር ግን በየሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ይነቃሉ አለችኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዶሮ እስኪጮህ።