የሞተር ክሪክ ፍለጋ

ዛሬ ሶማሌ ተራ ስዞር ዋልኩ። ፒያሳ የተከራየሁበት ግቢ ጠባብ ነው። ለሞተሬ የሚያነሳ ክሪክና ባለችበት የሚያዞራት ባለ ጎማ ዶሊ ያስፈልገኛል።

ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄ 500 ኪሎ ያነሳል" አለኝ። 150 ሲሲ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 150 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ጉልበቱ አላሳሰበኝም። እኔ ያየሁት እግሩ ሰፊ መሆኑንና መቆለፊያ ብረት እንዳለው ነው። የዘይት ክሪክ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። መቆለፊያ ከሌለው ጎማ ፈትቼ ከሥሩ እጄን አልሰድም! የመኪናው ክሪክ ርካሽ ነው፣ ግን የሚይዘው በአንዲት ጠባብ ቦታ ስለሆነ ሞተር ወደ ጎን ይጥላል። የሞተሩ ክሪክ ግን ላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰፋፊ ክንዶች አሉት።

አንድ ጋሼ መካኒክ ደግሞ "መጀመሪያ ሆዷን እይ" አሉኝ። እውነት ነው፤ ማርሚታው ከሥር የሚያልፍ ከሆነ ክሪኩ ሻንሲውን አያገኘውም። የዘይት ማጠራቀሚያውን ገፍቶ ማንሳት ደግሞ መሰንጠቅ ነው።

ክሪኩን ገዛሁ። ዶሊዎቹ ግን ጎማቸው በጣም ትንሽ ነው፣ የእኛ ግቢ ኮብልስቶን ላይ አይሄዱም። ትልልቅ ጎማና ፍሬን ያለው ዶሊ የሚበይድልኝ ጎበዝ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ።