ከፍሎረንስ እስከ ፖንቴዴራ በቬስፓ

ከፍሎረንስ ፖንቴዴራ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነስቼ የደረስኩት ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ቬስፓን ወደ ተወለደችበት ከተማ በባቡር ሄዶ መጎብኘት ግን፣ በተለይ ቬስፓ ላለው ሰው፣ የሚያሳፍር መስሎ ታየኝ።

የእኔዋ ፒኤክስ 125 ናት። ይህ ሞዴል መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የእኔዋ የ2012 ሥሪት ብትሆንም መልኳም ጠባይዋም ያው የጥንቱ ነው። ማርሿ ግራ እጅ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እጀታውን መጠምዘዝ ነው። የኋላ ፍሬኗ በቀኝ እግር ይረገጣል። ጎማዎቿ 10 ኢንች ብቻ ስለሆኑ የፍሎረንስን የድንጋይ ንጣፍ አንድ በአንድ በወገቤ እቆጥረዋለሁ። ፍሬቻዋ ደግሞ ካላጠፉት አይጠፋም፤ ስንት ጊዜ ወደ ግራ እታጠፋለሁ እያልኩ ሦስት ሰፈር ቀጥ ብዬ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሳን ፍሬዲያኖ በር ወጥቼ ፈጣኑን መንገድ ትቼ አሮጌውን የፒሳ መንገድ ያዝኩ። ላስትራ አ ሲኛን እንዳለፍኩ መንገዱ ጠበብ ብሎ ከአርኖ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን በገደሉ ሥር ይሄዳል። ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሞተሯ የጠፋችብኝም እዚያው ነው፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሳትና ዝም አለች።

የቀኙን ኮፈን አነሳሁ። ካንዴላዋን ስፈታ ጣቴን አቃጠልኩ። ጫፏ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል፣ ያውም በዘይት ርሷል። በመሐረብ ጠርጌ መልሼ ባስርም እምቢ አለች። ትርፍ ካንዴላ አልያዝኩም ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቼ፣ ሞንቴሉፖ መግቢያ አካባቢ በሩ ገርበብ ያለ ትንሽ ጋራዥ ደረስኩ።

ጣሊያንኛዬ የምግብ ቤት ጣሊያንኛ ነው። ከሳህንና ከሽንኩርት ወጣ ካልኩ አፌ ይያያዛል። የጋራዡ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ምን ሆንክ ሲሉኝ ግን ቃላቱ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ይጎርፉ ጀመር፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራቶር፣ ማርሚታ። ካቻቪቴ ስጡኝም አልኩ። ሰውየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ሙያውን የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ሙያ አልተማርኩም። ሶማሌ ተራ አጎቴ የሚሠሩበት ጋራዥ ክረምት ክረምት እየሄድኩ ዕቃ አቀብል ነበር፤ ሲጠሩልኝ የነበረው ሁሉ ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። ቃላቱ ወደ እኛ በምን ተጭነው እንደመጡ እኔም አላነሳሁም፣ እሳቸውም አላነሱም።

አንዱ ቃል ግን አጋለጠኝ። ትርፍ ጎማዬ በግራው ኮፈን ሥር እንዳለ ልነግራቸው ፈልጌ «ስኮርታ አለኝ» አልኩ። ለካ ጎማ የሚለውን ሳይጨምሩ ስኮርታ ብቻ ሲሉ አጃቢ ፖሊስም ማለት ኖሯል። «ሚኒስትር ነህ እንዴ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ካንዴላዋን አገላብጠው አዩና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ከተማ ውስጥ በትንሽ ማርሽ ስትንፏቀቅ ከርማ ጥላሸት ጠግባለች። አንዳንዴ ወደ ሰፊ መንገድ አውጥተህ ልቀቃት አሉኝ። አዲስ ካንዴላ ገጠሙልኝ፤ የእጅ ዋጋ አልተቀበሉኝም።

ኤምፖሊንና ሳን ሚኒያቶን በተመከርኩት መሠረት ለቅቄያት ስላለፍኩ ብዙ አላየሁም።

ፖንቴዴራ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ለውበቷ ብሎ የሚመጣ ያለ አይመስለኝም። ቬስፓን በሚሠራው ኩባንያ በፒያጆ ሙዚየም ውስጥ ብዙ የቆምኩት ፓፔሪኖ በተባለችው የሙከራ ሞተር ብስክሌት ፊት ነው። በጦርነቱ ፋብሪካው በቦምብ ከወደመ በኋላ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ፒያጆ ሕዝቡ የሚገዛው ነገር ፈለገ። ፓፔሪኖን አለቃው ኤንሪኮ ፒያጆ አልወደዷትም፤ ሳያት እኔም አልፈረድኩባቸውም። ሥራው ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ። እሳቸው የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበሩ፤ ሞተር ብስክሌት ደግሞ አይወዱም፦ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲፈነዳ ለመቀየር ያስቸግራል ባይ ናቸው። ስለዚህ የፊት ጎማዋን እንደ አውሮፕላን በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠሉት፣ ሞተሩን ከኋላ ጎማ አጠገብ አስገብተው በቆርቆሮ ሸፈኑት። ወገቧ ቀጭን ስለሆነና ድምጿም ስለሚጮህ ቬስፓ፣ ተርብ፣ ተባለች። የፈጠራ መብቷ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ፍሎረንስ ውስጥ ነው። እኔ ከተነሳሁበት ከተማ መሆኑን ሳነብ፣ ጣቴን ባያቃጥለኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሙዚየሙ እንደወጣሁ ለአጎቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሥር ስላሳለፉ ሞተር ብስክሌት ለእሳቸው መጫወቻ ናት።

«ሰንሰለቷን ዘይት ትቀባታለህ?» አሉኝ።

«ሰንሰለት የላትም፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። «ታዲያ በምኗ ነው የምትዞረው?»

ስልኩን ወደ ቀኝ ጎኗ አዞርኩና፣ አሁንም የሚግለውን ኮፈን በሁለት ጣት ይዤ አነሳሁላቸው።

«ጠጋ አድርገው እስቲ» አሉ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።