ወደ መድኃኒት ሙከራ ማዕከል ያደረግሁት ጉዞ

ከሌሊቱ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም እንዳልቀምስ ስለታዘዝሁ፣ ንጋት ላይ የሚነሣውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ የተሳፈርሁት በባዶ ሆዴ ነበር። የምሄደው አዲስ መድኃኒት ለበሽተኞች ከመሰጠቱ በፊት በጤናማ ሰዎች ላይ ወደሚፈተንበት ማዕከል ነው። በዚያ ቀን የሚጠብቀኝም ለሙከራው ብቁ መሆኔ ወይም አለመሆኔ የሚለይበት የማጣሪያ ምርመራ ነበር። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማዕከሉ አስቀድሞ በኢሜይል የላከልኝን የስምምነት ቅጽ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ቤት ሳለሁ አንብቤው የነበረውን ሰነድ ጥያቄ የሚያጭርብኝን ቦታ ሁሉ በእርሳስ እያሰመርሁ ደግሜ አነበብሁት። ክፍያ ወደሚያስገኝ የሕክምና ሙከራ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ መንገዱ የሚነግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሳታፊ የሚፈልገው ወገን ብቻ በመሆኑ፣ እኔ የሄድሁበትን እንዳየሁት ማስፈር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ፍለጋዬን የጀመርሁት ከማስታወቂያ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። የታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ በሰው ላይ የሚካሄድ ሙከራ ተሳታፊ መቀበል ከመጀመሩ በፊት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ውጤቱን እንደማያትሙ አስታውቀዋል። ከእነዚህ መዝገቦች መካከል በስፋቱ የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የከፈተው ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የፓን አፍሪካን መዝገብ ጨምሮ የየአገሩንና የየአህጉሩን መዝገቦች በአንድ የመፈለጊያ ገጽ ያሰባስባል። እኔም በክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ ላይ ጤናማ ፈቃደኞችን የሚቀበሉትንና በምልመላ ላይ ያሉትን ብቻ ለይቼ፣ ከምኖርበት ቦታ እስከምን ርቀት ድረስ መሄድ እንደምችል ወሰንሁና ዝርዝሩን አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ሙከራ የሚሰጠው መግለጫ ደረቅ ቢመስልም በትዕግሥት ቢነበብ ብዙ ይናገራል። ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ ሙከራው በየትኛው ምዕራፍ ወይም ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደሚፈለግ፣ ማን ሊገባ እንደሚችልና ማን እንደማይችል፣ የት የት እንደሚካሄድ ሁሉ ተጽፏል። የክፍያው መጠን ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይገኝም፤ እርሱን ማዕከሉን ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ደግሞም በመዝገቡ ላይ መስፈር ማለት መንግሥት መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ መኖሩን ለብቻው ጠየቅሁ።

በፍለጋው መካከል በማኅበራዊ ሚዲያ አገናኝ ነኝ የሚል ሰው አግኝቼ ነበር። ከፍተኛ ክፍያ ያለው ሙከራ እንዳለ፣ ቦታው ከመሙላቱ በፊትም የመመዝገቢያ ገንዘብ እንድልክ ነገረኝ። የሙከራውን የመዝገብ ቁጥር እንዲሰጠኝ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም። ጊዜውንና ሰውነቱን ለምርምር የሚሰጥ ጤናማ ሰው ከፋይ የሚሆንበት ምክንያት ስለሌለ፣ ገንዘብ አምጣ የሚልን ሰው ከዚያ በላይ ማነጋገር አያስፈልግም።

በመጨረሻ በእጄ የቀሩት ሁለት ሙከራዎች ነበሩ። አንደኛው እጅግ ሩቅ በሆነ ከተማ የሚካሄድ ሲሆን ክፍያው ከሌላው በብዙ ይበልጣል፤ ሁለተኛው ይህ በአውቶቡስ የምሄድበት ነው። ቅርቡን የመረጥሁት ለምቾት ብዬ አልነበረም። በምዕራፍ አንድ ሙከራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 100 በሚደርሱ ሰዎች ላይ፣ የሚፈተነው መድኃኒቱ ፈዋሽ መሆኑ ሳይሆን በሰው አካል ውስጥ ምን እንደሚያደርግና እስከምን መጠን ድረስ እንደሚቻል ነው። ከማዕከሉ ወጥቶ ቤቱ የገባ ተሳታፊ በውድቅት ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ወይም ቆዳው ላይ ሽፍታ ቢወጣበት፣ በአቅራቢያው ያለው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ታማሚው የዋጠውን ነገር ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም። የሚያውቁት ሙከራውን የሚያካሂዱት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ዘንድ በስንት ሰዓት ውስጥ መድረስ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከክፍያው መጠን በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነው። በዚህ ላይ የክትትል ቀጠሮዎች አሉ፤ ርቀቱ አታክቶት ከቀጠሮ የሚቀር ሰው የራሱን ደኅንነት ከክትትል ውጭ ያደርጋል፣ የምርምሩንም መረጃ ያጎድላል።

ማዕከሉ ስደርስ ከደም ምርመራው በፊት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ከዋናው ተመራማሪ ጋር የሚሠሩት ሐኪም ያሰመርሁበትን ወረቀት አይተው፣ «እንግዲህ ከእርስዎ ጥያቄ እንጀምር፤ የእኔን ማብራሪያ በኋላ ይሰማሉ» አሉኝ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ በመሃል ባቋርጥ ምን እንደሚሆን ነበር። ምክንያት ሳልሰጥ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ እንደምችል፣ እስከዚያ ድረስ ለተሳተፍሁበት ክፍል የሚገባኝ ገንዘብ እንደሚከፈለኝ፣ ሆኖም ለደኅንነቴ ሲባል የመጨረሻውን ምርመራ እንዳደርግ እንደሚለምኑኝ ነገሩኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መመሪያም ክፍያው ሙከራው እየገፋ በሄደ ቁጥር የሚጠራቀም እንጂ እስከ መጨረሻው በመቆየት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆን እንደሌለበት ይናገራል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ይከፍላል የሚል ነበር። ይህንን ስፍራ ማንም ሰው ዘሎ እንዳያልፈው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም «ሕክምና ይሰጥዎታል» የሚለው፣ «የሕክምናው ወጪ ይሸፈንልዎታል» የሚለውና «ላጡት ገቢና ለደረሰብዎ ጉዳት ካሳ ይከፈልዎታል» የሚለው ሦስት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ናቸው። የእኔ ቅጽ ሦስቱንም ይዞ ነበር፤ ሁሉም ቅጽ ግን እንዲህ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ሐኪሟ ያሉኝን አልረሳውም። «የምንከፍልዎ ለጊዜዎ፣ ለመንገላታትዎና ለመርፌው ሕመም ነው። አደጋውን የምንገዛበት ዋጋ አድርገው ካሰቡት ግን ዛሬውኑ ቢመለሱ ይሻላል» አሉኝ። በገምጋሚ ኮሚቴዎች ዘንድ ክፍያ ከሙከራው ጥቅሞች ተቆጥሮ ከአደጋው ጋር በሚዛን የማይቀመጠው፣ መጠኑም ሰው በሽታውን እስኪደብቅ ድረስ የሚያጓጓ እንዳይሆን የሚመረመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ቱስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በተካሄደው የቂጥኝ ጥናት 600 ያህል ጥቁር ወንዶች ሲገቡ፣ በምላሹ የቀረበላቸው ነጻ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ነበር። ፔኒሲሊን የበሽታው መደበኛ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ ለታመሙት አልተሰጣቸውም፤ የጥናቱ እውነተኛ ዓላማም አልተነገራቸውም። ሰዎቹ የሚያገኙትን ነገር ያውቁ ነበር፤ የሚያጡትን ግን የሚነግራቸው አልነበረም። በሰው ላይ ስለሚደረግ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌ የተሳታፊውን በፈቃዱ መስማማት የመጀመሪያው አንቀጽ አድርጎ አስቀምጦት፣ የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለዚሁ ጉዳይ የሄልሲንኪን መግለጫ አውጥቶ ሳለ፣ ያ ጥናት ለዓመታት ቀጠለ። እኔ ፊት የተቀመጠው ቅጽ ረዘመ፣ አሰልቺ ሆነ ብሎ ማማረር የማልችለው ይህንን ስለማውቅ ነው። ከገጾቹ አብዛኞቹ ያለ ምንም ማብራሪያ ወደ ሙከራ የገቡ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ የተጻፉ ናቸው።

ከፈረምሁ በኋላ ማጣሪያው ተጀመረ። የልብ ምት ኢሲጂ በተባለው የልብ መመርመሪያ መሣሪያ ታየ፤ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ የሚደረግበት ደም ተወሰደ፤ ሽንት ለአደንዛዥ ዕፅ ተመረመረ። በቅርቡ የወሰድሁትን መድኃኒትና በሌላ ሙከራ መሳተፍ አለመሳተፌን ነርሷ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ውጤቱን ስጠብቅ ቆይቼ፣ ብቁ መሆኔ በስልክ ሲነገረኝ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በዚያው መንገድ ተመለስሁ።

የተኛንበት ክፍል አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት፣ በግድግዳው ላይ ከየትኛውም አልጋ የሚታይ ትልቅ ዲጂታል ሰዓት ያለበት አዳራሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን መድኃኒቱ የተሰጠው ለሁለት ሰዎች ብቻ ነበር፤ አንዳቸው እውነተኛውን ሌላው መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ወስደዋል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ግን እነርሱም ነርሶቹም አያውቁም። ሌሎቻችን እስከ ማግሥቱ ጠበቅን። ይህ ልማድ የጠነከረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በለንደን ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት በተሞከረ ጊዜ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ስድስት ጤናማ ወጣቶች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ስለተሰጣቸው፣ የመጀመሪያው ሰው መታመም ለቀሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አልቻለም፤ ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ በጽኑ ታመሙ። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላሳየው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ምዕራፍ አንድ ሙከራ ከመግባቱ በፊት «መጀመሪያ የሚወስደው ማን ነው? በመካከሉስ ምን ያህል ጊዜ ይጠበቃል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መልሱም ብዙ ነገር ያስረዳዋል።

ተራዬ ሲደርስ አንዱ ነርስ ክንዴን በላስቲክ አስሮ ካኑላ የተባለውን ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥሬ አስገባ፤ ከዚያም ጥቂት የጨው ውኃ ሲገፋበት ቅዝቃዜው እስከ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ሌላዋ ነርስ ሰዓቱን በቃል እየጠራች እንክብሉን ሰጠችኝ፤ ከዋጥሁ በኋላ በትንሽ ባትሪ ከምላሴ በታችና በጉንጮቼ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ በኋላ የቀኑን ውሎ የሚመራው የግድግዳው ሰዓት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደም የሚወሰደው በአጭር በአጭር ጊዜ ሲሆን፣ እየቆየ ሲሄድ ልዩነቱ ይሰፋል። በየብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስሜን ሳይሆን ቁጥሬንና ደሙ ሊወሰድ የሚገባበትን ደቂቃ ይዟል፤ ነርሱ ትክክለኛውን ደቂቃ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል፣ ወዲያውም ብልቃጦቹን በበረዶ ላይ አስቀምጦ ደሙን በፍጥነት እያሽከረከረ ወደሚለየው መሣሪያ ይሮጣል። ለደቂቃዋ ይህን ያህል መጨነቃቸው የሚደንቅ አይደለም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ መቼ ጣሪያ ላይ እንደሚደርስና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚታወቀው ከእነዚህ ነጥቦች ነውና።

ምሽት ላይ ከሌሎቹ ተሳታፊዎች ጋር የመጨዋወት ጊዜ ነበረን። አንደኛው ኑሮውን በዚሁ ሥራ የሚመራ ሰው ሲሆን፣ አንዳንዶች በሁለት ሙከራዎች መካከል ሊጠበቅ የሚገባው የዕረፍት ጊዜ ሳያልቅ ታሪካቸውን ደብቀው ወደ ሌላ ማዕከል እንደሚሄዱ ነገረኝ። ችግር የሚያስገድደውን ሰው ልወቅስ አልችልም፤ ነገሩ ግን ያሳስበኛል። መድኃኒት ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ካልተቈጠረ በስተቀር ከሰውነት ወጥቷል አይባልም፤ ያኔም ሦስት ከመቶ ያህሉ ይቀራል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሁለቱ በውስጡ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር የሚነግረው ሐኪም የለም፤ ምክንያቱም ሐኪሞቹ ስለ መጀመሪያው አያውቁም። ብሪታንያን የመሰሉ አገሮች ተሳታፊዎችን በማዕከሎች የጋራ መዝገብ የሚያመሳክሩት ይህንን ለመከላከል ነው።

ስንወጣ ለእያንዳንዳችን በኪስ የምትያዝ ካርድ ተሰጠን። በላይዋ ላይ የሙከራው ቁጥርና ሌሊትም ቀንም የሚነሣ ስልክ ተጽፎባታል። የክፍያው የመጀመሪያ ክፍል በባንክ ሒሳቤ ገባ፤ የትራንስፖርቱ ወጪም በደረሰኝ ለብቻው ተመለሰልኝ። የተሳትፎ ክፍያ በአንዳንድ አገር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ስለሆነ ሰነዱን አስቀምጫለሁ።

በመጨረሻው የክትትል ቀጠሮ ላይ ከአልጋዬ አጠገብ ተኝቶ የነበረውን ሰው አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ አድሮ ነበር የመጣው። የጉበቱን ጤንነት የሚያመለክተው ኢንዛይም በደሙ ውስጥ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ በየጊዜው ደም መስጠት እንዳለበት ነገሩት፤ ለእኔ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ የሆነው ለእርሱ ሙሉ ሌሊትና ሙሉ ቀን ነበር። እርሱም የስምምነት ቅጹን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ከሙከራው ጋር ለተያያዘ ተጨማሪ ምርመራ ማዕከሉ ተሳታፊው በሚኖርበት አካባቢ የጤና ተቋም ሊያመቻችና ወጪውን ሊሸፍን እንደሚችል የሚለውን አንቀጽ ለሐኪሟ አሳያቸው። ሐኪሟ አንብበው ስልክ አነሡ፤ ከመሄዳችን በፊትም በመኖሪያ ከተማው የሚገኝ ላቦራቶሪ ቀጠሮውን ተቀብሎት ነበር።