በኅሊና ጸሎት መሃል ጅራቱን ያነሣው ግላይደር

አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ሰማንያ የሚሆን ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ለመብረር ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ላጡ ሁሉ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እየተደረገ ነው። በዚህ መሃል ከራሳችን በላይ የሆነ ነገር «ትክ ትክ ትክ ትክ» ማለት ጀመረ። ክቡር እንግዳው እንዳቀረቀሩ የእጅ ሰዓታቸውን በጎን አዩ። ከኋላ የቆሙ ሁለት ሰዎች ወደ በሩ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። ድምፁ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ አንገቴን ከሁሉም አስበልጬ ደፋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በሞተር የበረሩበትን ዕለት ለማሰብ የቆዩ የግላይደር፣ ማለትም የሞተር አልባ አውሮፕላን፣ ሞዴሎች ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ተባልኩ። የሞተር በዓል ላይ ሞተር አልባ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ወንድማማቾቹ ሞተር ከመግጠማቸው በፊት አየር ላይ መዞርና ሚዛን መጠበቅ የተማሩት በግላይደር ነው፤ በ1902 ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ከአሸዋ ኮረብታ ላይ ተንሸራተዋል። ስለዚህ በደስታ እሺ አልኩ። እሺ ማለት ሁሌም ቀላሉ ክፍል ነው።

11 ሞዴሎች ተሰበሰቡ። ትልቁ ሚኒሞዋ ነበር፤ በ1935 ብቅ ያለው፣ ክንፉ እንደ ባሕር ወፍ ክንፍ የታጠፈው ጀርመናዊ ግላይደር። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ነው፤ የእኛው አንድ አራተኛው ስለሆነ 4.25 ሜትር። ክንፉ መሃል ላይ በብረት ምላስ የሚጋጠም ሁለት ግማሽ ነው፤ ይህን የሠራው ሰው በምክንያት ነበር የከፈለው። እኔ ግን ሰው እንዲያየው ብዬ ግቢ ውስጥ ገጥሜ አሳመርኩትና አንሥተን ወደ አዳራሹ ስንሄድ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠበቀን። በጎን ሞከርን፣ አጋድመን ሞከርን፣ አንዱ «በመስኮት ይግባ» አለ። በመጨረሻ ፈታነው። ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። «ትክ ትክ» ያለው ሚኒሞዋው አይደለም፤ ኤ2 በሚባለው የውድድር ምድብ ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት የተሠራ ግላይደር ነው። በዚህ ምድብ ሞዴሉ ከ410 ግራም ማነስ የለበትም፤ በ50 ሜትር ክር እንደ ካይት ተጎትቶ ይወጣና ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የለም። የሚቆጠርለት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 180 ሰከንድ ነው። ችግሩ ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር ካገኘ ሦስት ደቂቃ ሞላ ብሎ አይወርድም፤ ከፍ ከፍ እያለ ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ በስፕሪንግ የምትሠራ ትንሽ ሰዓት አለች። ጊዜው ሲደርስ ጅራቱን የያዘውን ክር ትለቃለች፣ ጅራቱ በላስቲክ ተስቦ የኋላ ጠርዙን ወደ ላይ 45 ዲግሪ ያህል ያነሣል፣ ግላይደሩም መብረሩን ትቶ እንደ ጃንጥላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ሰዓቷን የሚተካው ቀስ ብሎ የሚነድ የክር ፊውዝ ነበር፤ ላስቲኩን አቃጥሎ ይበጥሰዋል። ፊውዙን አዳራሽ ውስጥ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቄያለሁ። ሰዓቷን ረሳሁ።

መርሳት እንኳ አይባልም። ዋዜማው ማታ «ትሠራ ይሆን?» ብዬ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኳት። ጥቂት ቆጠረችና ቀጥ አለች። የዘመናት ዘይት ደርቆ ጥርሶቿን እንደ ሙጫ ይዟቸዋል። «አርጅታለች» ብዬ ተውኳት። የተጠመዘዘ ስፕሪንግ ግን ዕረፍት ላይ ነው እንጂ አልሞተም።

ቀጥሎ አሰቃቀሉ። ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛሁ፤ 10 ኪሎ ይሸከማል። ናይለን ሙልጭ ያለ ስለሆነ እንደ ጫማ ማሰሪያ ከቋጠሩት ይሾልካል፤ ጫፉን በክሩ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዞ በመጀመሪያው ቀለበት ማሳለፍና ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ያስፈልጋል። ይህን በሚገባ አደረግሁ፤ አንድም ቋጠሮ አልከዳኝም። በአንድ ክር የተሰቀለ ሞዴል ቀኑን ሙሉ ስለሚሽከረከር በሦስት ክር ሰቀልኩት፤ ይህም ትክክል ነው። ስሕተቱ ሦስቱንም ክር ክንፉ ላይ ማሰሬ ነው። የኤ2 ክንፍ በግንዱ፣ ማለትም በአካሉ፣ ጀርባ ላይ ተቀምጦ በላስቲክ ብቻ ነው የሚታሰረው። ክንፉን ከሰቀሉ ግንዱ ያለ የሌለ ክብደቱን ይዞ የሚንጠለጠለው በእነዚያ ላስቲኮች ላይ ነው፤ አፍንጫው ውስጥ ደግሞ ለሚዛን የታጨቀ የእርሳስ ብረት አለ። ክሩ ከግንዱ ስር ዞሮ መምጣት ነበረበት። ላስቲኮቹስ? «ከነታሪካዊነታቸው ይታዩ» ብዬ የድሮዎቹን ተውኳቸው። የላስቲክ ታሪካዊነት መሰንጠቅ ነው።

በመጨረሻም ፓውዛው። ሞዴሎቹ የተለበጡበት ስስ ወረቀት ብርሃን ከኋላው ሲመታው የክንፉ የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ እውነት ለመናገር ከዚህ የሚያምር ነገር የለም። ሁለት ባለ 500 ዋት ሃሎጅን በአንድ ወገን ተከልኩ። ወረቀቱ የሚወጠረው ዶፕ በሚባለው ቅብ ነው፤ የድሮው ዶፕ ናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ እሳት ይወዳል። በዚህ ምክንያት መብራቶቹን ሁለት ሜትር አራቅኋቸውና ራሴን አመሰገንኩ። አልተቃጠለም። ግን አንድ ወገኑ የሞቀ ክንፍ በዚያው ወገን ይበልጥ ይጠብቅና ይጣመማል። እንግዶች ሳይገቡ ሁለት ክንፎች እንደ ቆርኪ ጠርዝ ተወላገዱ። ማንቆርቆሪያ አፍልቼ፣ ክንፉን በእንፋሎቱ ላይ ይዤ፣ ከተጣመመበት በተቃራኒው ትንሽ አሳልፌ ጠምዝዤ፣ እስኪቀዘቅዝ ሳልለቅ ቆሜ አቃናኋቸው። እጄ ተለበለበ፤ ክንፉ ተስተካከለ። መብራቱን ግን አላጠፋሁም፤ ያምር ነበራ።

እንግዲህ ሦስቱን ደምሩ። የመብራቱ ሙቀት ያረጁትን ላስቲኮች ይበልጥ አደረቀ። ያው ሙቀት የሰዓቷን የረጋ ዘይት አቀለጠ። ሰዓቷም ከሌሊቱ ያቆመችውን ቆጠራ ካቆመችበት ቀጠለች፤ ያውም ሰው ሁሉ ዝም ባለባት ደቂቃ።

«ጧ!»

ጅራቱ ብድግ አለ። ግላይደሩ ተንቀጠቀጠ። ላስቲኮቹ በተራ «ጢቅ፣ ጢቅ» አሉ፣ ግንዱ ተለቀቀ። ክንፉ ምንም እንዳልተፈጠረ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። የራይት የመጀመሪያ በረራ 12 ሰከንድ ፈጅቶ 36.5 ሜትር ሄዷል፤ የእኔው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ 3 ሜትር ሄደ፣ ወደ ታች። በእርሳሱ አፍንጫ ተመርቶ መድረኩ ጥግ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀጥ ብሎ ተተከለ፤ የተነሣው ጅራት ከላይ እንደ ቅጠል ቀረ። አበባ የሚመስለው ከአበባው ይበልጥ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ።

ክቡር እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በዚያው ቀን አራተኛው በረራ እንዳበቃ የራይትን አውሮፕላን ነፋስ ገልብጦ ሰባብሮታል፤ አዘጋጁ ለታሪክ ታማኝ መሆናቸውን አደንቃለሁ» አሉ። ይህን በማወቃቸው እስካሁን ባለዕዳቸው ነኝ።

ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ግንዱ ላይ አንድ ስንጥቅ፣ ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ። ቀዳዳውን በተመሳሳይ ወረቀት፣ የወረቀቱን ውጥረት ከነባሩ አቅጣጫ ጋር አስማምቼ፣ ግማሽ በግማሽ በቀጠነ ዶፕ ለጠፍኩት። ሰዓቷን በቤንዚን አጥቤ አንዲት ጠብታ ስስ ዘይት ሰጠኋት። ላስቲኩን ሁሉ ቀየርኩ፣ ክሩን በግንዱ ስር አዞርኩ፣ ፓውዛውን በማይሞቅ ኤልኢዲ ተካሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሕፃን እጅጌዬን ጎተተች። «ጋሼ፣ ያ ጧ የሚለው የቱ ነው?» አሳየኋት። «አስጩኸው» አለች። ጠመዘዝኩት፤ ሰዓቷ እንደ አዲስ ቆጠረች፣ ልክ በ180ኛው ሰከንድ ጅራቱን አነሣች፤ ግላይደሩም ንቅንቅ አላለም።

ልጅቷ ወደ አበባው ማሰሮ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ «ይሄ ተበላሽቷል» ብላ ሄደች።