የአያቴ አርባ

ዛሬ ደብረ ብርሃን የአያቴን አርባ አወጣን። ፀጉራቸው የሸበተ የድሮ ተማሪዎቿ "ቲቸር" እያሉ ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉት። አንዲት እናት፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስማቸውን መጻፍ ያስተማረቻቸው እሷ እንደሆነች ነገሩን።

ጡረታ ወጥታም ማስተማር አልተወችም። ከቅዳሴ መልስ የመንዝ ባናዋን ደርባ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ታስቆጥር ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ! መጀመሪያ ትንንሽ እጆቻቸውን በመዳፏ አሽታ ታሞቃለች፤ ከዚያ እርሳስ ታስይዛቸዋለች። በደንብ ላነበበ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የገብስ ቆሎ ትዘግንለታለች። ለተሳሳተውም እንደዚያው። ይሄ ነገሯ ነው ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ።

እናቴ የፊደል ገበታዋን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ደግ አደረገች። ነፍሷን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።