ዐይኗን ሰብራ ለምትናገር ተማሪ ስንት ይሰጣል?

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቃል ገለጻቸውን ዛሬ አቅርበው ጨርሰዋል። የሞላኋቸው የመመዘኛ ቅጾች ገና ወደ ማርክ ሊስት አልተገለበጡም፤ ከመገልበጤ በፊት ግን ስለ ሩብሪኩ (መስፈርቶችንና ደረጃዎችን ለይቶ ስለሚያስቀምጠው የመመዘኛ ሰንጠረዥ) የታዘብሁትን ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ። ቁጥሩ አንዴ ሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ ተማሪውም ድምሩን አይቶ ወይ ይደሰታል ወይ ያኮርፋል እንጂ ምኑ ሞልቶ ምኑ እንደ ጎደለበት አያውቅም።

እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች የቃል ገለጻ ሲመዘን የኖረው በአብዛኛው በአጠቃላይ ስሜት ነው። ተማሪው ይወጣል፣ ይናገራል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ መምህሩም ከሃያ አንድ ቁጥር ይጽፋል። አሠራሩ ፈጣን ነው፤ ጉድለቱ ግን ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጦር አዛዦች የበታቾቻቸውን መኰንኖች በሰውነት አቋም፣ በማሰብ ችሎታ፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ በአንዱ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡትን ሰው በሌላውም ከፍ እያደረጉት እንደሚሄዱ አሳይቷል። አንድ የሚማርክ ነገር በሌሎቹ ሁሉ ላይ ብርሃኑን ይረጫል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚማርከው ድምፅ ነው።

ሩብሪኩን የያዝሁት ይህን ለመለያየት ነው። አምስት ረድፎች አሉት፤ ይዘት፣ አደረጃጀት፣ የቋንቋ አጠቃቀም፣ አቀራረብ እና ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ። እያንዳንዱ ረድፍ አራት ደረጃዎች ስላሉት ድምሩ ከሃያ ይመጣል። ደረጃዎቹን አራት ያደረግሁት መካከለኛ ቁጥር እንዳይኖር ብዬ ነው፤ ሦስት ወይም አምስት ቢሆኑ ኖሮ የደከመ መምህር እጁ ወደ መሀሉ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። (ከሰዓት በኋላ በሞላኋቸው ቅጾች ላይ ግን ሦስት ቁጥር በዝታ ትታያለች፤ ድካም መንገድ አያጣም።)

ሁለት ተማሪዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው ልጅ ስለ ዓባይ ነበር የተናገረው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ፣ እጁን እያነሣ፣ የሁሉንም ዐይን እያየ ተናገረ። ዓባይ ታላቅ ወንዝ መሆኑን፣ የታሪካችንና የማንነታችን መገለጫ መሆኑን፣ ልንኮራበት እንደሚገባ በተለያየ ቃል ደጋግሞ ነገረን። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ግን የይዘት ረድፉን ልሞላ ስል ልጁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያረጋገጠልኝን አንድ ነገር እንኳ መጻፍ አቃተኝ። ከግሽ ዓባይ በላይ የሚኖር አርሶ አደር የሚያርሰው አፈር ታጥቦ ወዴት እንደሚሄድ አንዱ ተማሪ ሲጠይቀው፣ ዓባይ ታላቅ ወንዝ ነው ሲል መለሰ። ለይዘት ሁለት፣ ለአደረጃጀት ሁለት፣ ለቋንቋ አራት፣ ለአቀራረብ አራት፣ ለመልስ አንድ፤ ድምር 13።

ሁለተኛዋ ከሰከላ በኩል መጥታ በከተማው ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን በየሳምንቱ መጨረሻ ከቤተሰቧ የምታመጣ ልጅ ናት። ርእሷ የአባቷ ማሳ ነበር። ገብሱ ለምን እየቀጨጨ እንደ መጣ ስትገልጽ፣ ብዙ ዝናብ በሚዘንብበት ደጋ አፈር ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ታጥቦ እየወረደ መሬቱ አሲዳማ እንደሚሆን፣ የአፈሩ ፒ.ኤች. (ሲያንስ የአሲዱን መብዛት የሚያሳየው መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድም አልሙኒየም እየሟሟ ሥሩን እንደሚያቀጭጨው በቅደም ተከተል ተናገረች። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን የግብርና ባለሙያው እንደ ነገራቸው፣ ነገር ግን ኖራ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚጨመር ከባድ ጭነት በመሆኑ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ድረስ በአህያ ማመላለሱ አባቷን እንዳሰለቸው፣ በዚህም ምክንያት በማሳው ግማሽ ላይ አሲዳማ አፈር የሚችለውን ግብጦ እንደ ዘራ አስረዳች። ይህን ሁሉ ስትናገር ዐይኗ ከወለሉ አልተነሣም፤ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ይዛ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ግብጦው ደግሞ መሬቱን ምን ያደርገዋል ተብላ ስትጠየቅ፣ ጥራጥሬ ስለ ሆነ ናይትሮጅን እንደሚጨምርለት፣ አሲዱን ግን እንደማያጠፋው መለሰች። ለይዘት አራት፣ ለአደረጃጀት አራት፣ ለቋንቋ ሦስት፣ ለአቀራረብ አንድ፣ ለመልስ አራት፤ ድምር 16።

ሩብሪኩ ባይኖር የልጁ ቁጥር ከልጅቷ በላይ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ጭብጨባው ያንን አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዡ ሥራውን ሠርቷል ማለት እችላለሁ። ሆኖም ለልጅቷ አቀራረብ የሰጠኋት ያቺ አንድ ቁጥር ሰላም አልሰጠችኝም።

የአቀራረብ ረድፌ፣ አራት የሚያገኘው ተናጋሪ «ከአድማጮቹ ጋር ዐይን ለዐይን ይተያያል፣ በራስ መተማመኑ ይታያል» ይላል። ይህ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በብዙ ቦታ የሚገለበጠው የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የቃል ተግባቦት ሩብሪክ ነው፤ እሱም አምስት ረድፍና አራት ደረጃ አለው፣ በአቀራረብ ረድፉም የሰውነት አቋምን፣ የእጅ እንቅስቃሴን፣ ዐይን ለዐይን መተያየትንና የድምፅን ለዛ በአንድነት ይመዝናል። የሚገርመው ማኅበሩ ራሱ ሰነዱ የተቋማትን የትምህርት ውጤት ለመፈተሽ እንጂ ለግለሰብ ተማሪ ማርክ ለመስጠት አለመዘጋጀቱን መናገሩ ነው፤ ይህኛው ማሳሰቢያ ግን ከሰንጠረዡ ጋር አብሮ አይገለበጥም። በሌላ በኩል በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የሚፈተነው የአይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ. የእንግሊዝኛ ቋንቋ የንግግር ፈተና አራት መስፈርቶች ብቻ አሉት፤ የንግግሩ ፍሰትና ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው እና የቃላት አጠራር። ከአራቱ አንዱም ስለ ዐይን አያወራም።

ጎጃም ገጠር ያደገ ልጅ በታላቅ ፊት ዐይኑን እንዲሰብር ተነግሮት ነው የሚያድገው። አባቱ ሲናገር፣ ቄሱ ሲመክሩ፣ እንግዳ ሲጠይቀው ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ዐይን አውጣ ይባላል፤ ስድቡም የሚተርፈው ላሳደገችው እናት ነው። ያቺ ልጅ እኔን፣ ከመምህርም ሆነ ከዕድሜ አንጻር ታላቋ የሆንሁትን ሰው፣ አላየችም። ለዚህ ነጥብ ስቀንስ የመዘንሁት የንግግር ችሎታዋን ነው ወይስ አስተዳደጓን? ይህን ካሰብሁ በኋላ ልጁ ያገኘው አራትም ተጠርጣሪ ሆነብኝ፤ ከተማ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ይዞት ለመጣው ነገር የተሰጠ ነጥብ ሊሆን ይችላልና።

በእርግጥ በተቃራኒው የሚነሣውን ክርክር አልክድም። ከወረቀት ቀና ሳይል የሚያነብ ተማሪ ንባብ እንጂ ንግግር አላቀረበም፤ አድማጩ ይግባው አይግባው ሳያይ የሚቀጥል ተናጋሪም ግማሽ ሥራውን ትቶታል። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ዐይን የት አረፈ ከሚለው የተለዩ ነገሮች ናቸው፤ ተለይተውም ሊጻፉ ይችላሉ። «ድምፁ የኋላው መቀመጫ ድረስ ይሰማል»፤ «ማስታወሻውን አልፎ አልፎ ይመለከታል እንጂ አያነብም»፤ «አድማጭ ግራ ሲጋባ ቆም ብሎ በሌላ አነጋገር ይደግማል»። እነዚህን ማንም መምህር ሰምቶና አይቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ቅጹን እየሞላሁ ስለምሰማ፣ ተማሪው ወደኔ በሚያይበት ጊዜ ሁሉ የሚያገኘው የጎነበሰ ጭንቅላቴን ነው።

የቅኔ ጉባኤ ቤቶቻችን ይህን ጉዳይ ቀድመው የፈቱት ይመስለኛል። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ቢሆን፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ልኩ ቢጎድል፣ አገባቡ ቢፈርስ፣ ምሥጢሩ ባይቋጠር እዚያው ላይ ለይተው ያርሙታል። ስሕተቱ የልክ ነው ወይስ የምሥጢር የሚለው አይቀላቀልም፤ ተማሪው ነገ ምን አስተካክሎ እንደሚመለስ ያውቃል። ስለ ዐይኑ ሲታረም ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ደረጃዎቹ አገላለጽ ልመለስ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ባልደረባዬ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ እኔ የሞላሁትን ቅጽ ለብቻው እንዲሞላ ጠይቄው ነበር። ስናስተያየው በይዘትና በመልስ ረድፎች ላይ እምብዛም አልተለያየንም፤ አቀራረብ ላይ ግን ለአንዲት ተማሪ እኔ ሁለት፣ እሱ አራት ሰጥተናል። ምክንያቱን ስንፈልግ «በራስ መተማመን» የሚለው ቃል ላይ ደረስን፤ ለእሱ ያለ መንተባተብ መናገር ነው፣ እኔ ደግሞ ሳላውቀው ቀጥ ብሎ መቆምን ስፈልግበት ቆይቻለሁ። በሰው ልብ ውስጥ ያለን ነገር የሚመዝን ረድፍ መዛኞቹን እንጂ ተመዛኙን አያሳይም። «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ» የሚሉት መደቦችም እንዲሁ ባዶ ናቸው፤ ቁጥሩን በቃል ይደግሙታል እንጂ ተማሪው ምን ቢያደርግ ከሁለት ወደ ሦስት እንደሚያልፍ አይናገሩም። ለይዘት አራት ለማግኘት «ቢያንስ ሁለት ፍሬ ነገሮችን በማስረጃ ወይም በምሳሌ ያስረዳል» ብሎ መጻፍ የአንድ መስመር ልዩነት ነው፤ ስለ ዓባይ የተናገረው ልጅ ይህን አስቀድሞ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ንግግር ያዘጋጅ ነበር። ስለዚህ ቅጹ ርእስ በሚመረጥበት ዕለት ለተማሪዎች መታደል አለበት።

የጊዜው ነገር ብዙ አያስወራም፤ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ ንግግር፣ ሁለት ደቂቃ ጥያቄ፣ ቅጽ መሙያ ሲጨመር ከአምስት ተማሪ በላይ አይስተናገድም። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ዐሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ረድፎቹን ከአምስት በላይ ማብዛት የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይመዛዘኑ የሚለው ምክር ግን እኛ ዘንድ ይሉኝታ ላይ ይሰናከላል። አብሮት የሚያጠና፣ አብሮት የሚኖር ጓደኛው ሁለት ብሎ የሚጽፍበት ልጅ የለም፤ የሰጡኝ ቅጾች ከላይ እስከ ታች አራት ነበሩ። በዚህ ፈንታ ቁጥሩን አስቀርቼ እያንዳንዱ አድማጭ የተናጋሪውን ዋና ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ እንዲሰጠኝ አደረግሁ። ይህኛው ይሉኝታ አልገባበትም። የአፈሩን ገለጻ የሰሙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ኖራና ግብጦን አንሥተዋል፤ የዓባዩን የሰሙት ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ንግግር ጽፈዋል፣ አንዱም «ጥሩ ተናግሯል» ብቻ ብሎ አልፏል። የይዘት ረድፉን ስሞላ ከራሴ ጆሮ ይልቅ እነዚያን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ማመን ጀምሬአለሁ።

የቀረው የቋንቋ ረድፍ ነው። አሁን ባለበት አራት የሚያገኘው «መደበኛ አማርኛ ይጠቀማል» ይላል። ክፍሌ ውስጥ ከአዊ በኩል የመጡ፣ ትምህርታቸውን በአዊኛ የጀመሩ ልጆች አሉ፤ ቅላጼያቸው ይለያል እንጂ የሚሉት ነገር ለማንም አይጠፋም። የአቀራረቡን ረድፍ በአስተዳደግ ምክንያት ካስተካከልሁ ይህንን የምተውበት ምክንያት አላገኘሁም። «ሐሳቡ ሳይደናቀፍ ይደርሳል፤ ቃላቱ ለርእሰ ጉዳዩ የተመረጡ ናቸው» በሚል እንዲተካ ለትምህርት ክፍሉ ስብሰባ አቀርበዋለሁ። የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ የቋንቋ ትምህርት መደበኛውን ቋንቋ ካላስተማረ ምን ሊያስተምር ነው ብሎ እንደሚቃወመኝ ከወዲሁ ነግሮኛል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም።