ሰመሩን ለሳይክሎክሮስ እንዴት ተዘጋጀሁበት

ሳይክሎክሮስ ምን እንደሆነ ለሐበሻ ጓደኞቼ ሳስረዳ ከጃን ሜዳ እጀምራለሁ። የአገር አቋራጭ ሩጫ አይታችኋል። ሣር አለ፣ ዳገት አለ፣ አንዳንዴም ጭቃ አለ፤ ያንኑ ዙር እየደጋገሙ መሮጥ ነው። ሳይክሎክሮስ ያንኑ በሳይክል ማድረግ ነው። አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ላይ አሸዋ፣ ደረጃ፣ ቁመታቸው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጣውላዎች ይገጥማሉ። በፔዳል ማለፍ ካልተቻለ ይወረዳል፣ ሳይክሉ ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ተመልሶ መጋለብ ነው። የዓለም ታላላቆቹ ወንዶች አንድ ሰዓት ገደማ ይወዳደራሉ። እኔ ያለሁበት የአማተር ምድብ 40 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከፊሽካው እስከ መጨረሻው ትንፋሽ መሰብሰቢያ የላትም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። እዚህ ወቅቱ የሚከፈተው በሴፕቴምበር ስለሆነ ልምምዱ የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታበት ሰመር ላይ ነው። ባለፈው ሰመር ትልቁ ለውጤ አንድ ነበር። አስፋልት ላይ ከማሳልፈው ሰዓት ቀነስኩና ለሣር ሰጠሁት። ረጅም ግልቢያ እወዳለሁ፤ አእምሮን ያሳርፋል። ሳይክሎክሮስ የሚፈልገው ግን ሌላ እግር ነው።

አንድ ዙር እንዴት እንደሚያልፍ አስቡት። ኩርባ ይመጣል፣ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ከኩርባው ስትወጡ ከኮርቻው ተነስታችሁ ትረግጣላችሁ። ትንሽ ሳትቆዩ ሌላ ኩርባ። ከዚያ ጣውላ፣ ከዚያ አጭር ዳገት። አስፋልት ላይ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ይቻላል። ሣር ላይ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ያ ብዙም አይረዳም። ሣሩ ራሱ ጎማውን ይይዛል፤ መርገጥ ስታቆሙ ሳይክሉም ያዘግማል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ፍጥነት መሄድ የሚችል ሰው እዚህ ሲመጣ ሌላ ስፖርት ይሆንበታል።

ጁንን ለመሠረት ብቻ ተውኩት። ሥራ ከመግባቴ በፊት በማለዳ፣ ቼሪ ክሪክ የሳይክል መንገድ ላይ፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ጎልደን ድረስ ሄደን ሉክአውት ማውንቴንን እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ሳይክል የገዛነው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ የሦስት ቀን ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ በኋላ ነው። ያ ልጅ ስንቱን ከሶፋ አስነሳ! አብረውን የሚወጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። ዳገቱ ላይ ፍጥነት ስጨምር ከኋላ ይጠሩኛል።

«ተው እንጂ ልጄ! ገና ጁን ነው። ለማን ብለህ ነው የምትቃጠለው?»

ልክ ናቸው። ቀላሉ ቀን በእውነት ቀላል ካልሆነ ከባዱን ቀን ከባድ ማድረግ አይቻልም። ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆናል፤ መካከለኛ ደግሞ የትም አያደርስም።

ሩጫውንም የጀመርኩት ጁን ላይ ነው። ብዙ ሳይክለኛ ሩጫን የሚያስታውሰው ሴፕቴምበር ሲገባ ነው፤ ያኔ ባትና የተረከዝ ጅማት ይቆጣሉ። ሳንባ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ፣ ሣር ላይ፣ 10 ደቂቃ ብቻ ቀስ ብዬ መሮጥ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እጨምር ነበር። ጁላይ ላይ አጭር ዳገት ፈልጌ እየሮጡ መውጣት፣ በኋላም ሳይክሉን ተሸክሞ መውጣት አከልኩ። ሳይክሎክሮስ ላይ ረጅም ርቀት የሚሮጥ የለም። ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚያስሮጥ ቦታ እምብዛም አይገኝም። ልምምዱም እንደዚያው አጭርና ቁልቁለት የበዛበት ሳይሆን አጭርና ዳገት የበዛበት መሆን አለበት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ቤቴ አጠገብ ሰፊ ሣር ያለው ፓርክ አለ። ከሃርድዌር ሱቅ ነጭ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ገዝቼ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት መሰናክሎች ሠራሁ። ፕላስቲክ የመረጥኩት እግር ሲነካው ስለሚወድቅ ነው። በ4 ሜትር ልዩነት ተከልኳቸው፤ ውድድር ላይም እንዲሁ ነው የሚቀመጡት። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የሚወረደው፤ ካቴናው በቀኝ ስለሆነ እግርን ከጥርሱ ያርቃል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀኝ እግር ከፔዳሉ ይላቀቅና ከኮርቻው ኋላ ዞሮ ወደ ግራ ይመጣል። ለአፍታ በግራ ፔዳል ላይ ብቻ ቆማችሁ ትንሸራተታላችሁ። ቀኝ እጅ የሳይክሉን አግድም ብረት ይይዛል፣ ክብደቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ግራ እግር ይላቀቃል፤ ቀኝ እግር መሬት ሲነካ ቀድሞውኑ እየሮጣችሁ ነው። ቃል በቃል የምደግመው ነገር «አትቁም» የሚል ነው። ወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ሮጥኩ ከሆነ ሦስት ነገር ሆነ። አንድ ነገር መሆን አለበት።

መውጣቱ ይከብዳል። ሰው ሁሉ ዘሎ ኮርቻው ላይ ዱብ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። በግራ እግር ወደፊት ገፍቶ የቀኝ ጭን ውስጠኛው ሥጋ ኮርቻው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ መሃል መንሸራተት ነው። በመጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት ሞከርኩት፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሌላው ልምምድ በፊት 20 ደቂቃ ለዚህ ብቻ እሰጥ ነበር። እግር ትኩስ ሳለ መማር ይሻላል። ሲደክም የሚማረው መጥፎ ልማድ ነው። ኦገስት አጋማሽ ላይ መውጣትና መውረዱን ማሰብ ተውኩ። ያ የሰመሩ ትልቁ ትርፌ ነው፤ ጉልበት ሳልጨምር ጣውላው ላይ ሰከንዶች ማትረፍ ጀመርኩ።

ጁላይ የጭንቅ ወር ነበር። በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን። አንደኛው 40 ሰከንድ በሙሉ አቅም፣ 20 ሰከንድ ቀስ፤ ይህንን ለ8 ደቂቃ መደጋገም፣ ማረፍ፣ እንደገና። አስፋልት ላይ ሳይሆን ሣር ላይ፣ ኩርባ ባለበት። ሁለተኛው የአጀማመር ልምምድ ነው። አንድ እግር መሬት፣ አንዱ ፔዳል ላይ፤ ጓደኛዬ ሲያፏጭ ተነስቶ 30 ሰከንድ መፈትለክ፣ ከዚያ ሳይቆሙ ለሁለት ደቂቃ ጠንከር ባለ ፍጥነት መቀጠል። ሳይክሎክሮስ ላይ አጀማመር ትልቅ ነገር ነው። ሰፊው መነሻ ቶሎ ይጠብና ሁሉም በአንድ መስመር ይሰለፋል። ኋላ የቀረ ሰው የፊተኛው ጣውላውን እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ፈትልኮ ከተነሱ በኋላ ትንፋሽ ሳይቆረጥ መቀጠል መቻል ነው።

ስለ ጎማ ጥቂት ልበል፤ ኮሎራዶ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። እዚህ ጎትሄድ የሚሉት እሾህ አለ። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው አረም ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይበታተናል፤ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ያያል። የሚበስለው ደግሞ ልክ ሰመሩ ሲያልቅ ነው። ካላማዳሪ ባለው ጎማ በዚህ ወቅት ከፓርኩ ሳይተነፍስ መውጣት ዕድል ነው። ስለዚህ ወደ ቱብለስ ተዛወርኩ። ካላማዳሪ የለውም፤ ውስጡ ቀዳዳ ሲፈጠር ራሱ የሚደፍን ፈሳሽ አለ። እሾሁን ስትነቅሉት ትንሽ ነጭ ፈሳሽ ብቅ ይላል፣ ጎማውን ስታዞሩት ይደፈናል፣ ግልቢያው ይቀጥላል። ፈሳሹ ግን በዚህ ደረቅ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየጊዜው መሙላት ያስፈልጋል።

ቱብለስ ሌላም ጥቅም አለው፤ አየሩን ዝቅ አድርጎ መጋለብ ያስችላል። ዓለም አቀፉ ሕግ የጎማውን ስፋት በ33 ሚሊ ሜትር ይገድባል። በዚህ ስፋት እኔ የአየር ግፊቱን 28 ፒኤስአይ ገደማ እይዛለሁ። ጎማው ለስለስ ሲል መሬቱን ይጨብጣል፣ ኩርባ ላይ አይከዳም። በጣም ከወረደ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሰው ክብደትና እንደ መሬቱ ይለያያል። የራሳችሁን የአየር መለኪያ ገዝታችሁ ሁሌም በሱ ብቻ ለኩ፤ ሁለት መለኪያዎች አንድ ቁጥር አያሳዩም።

በቪዲዮ የምናየው የቤልጂየም ጭቃ እንዳያታልላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ሴፕቴምበር ማለት ደረቅ፣ አቧራማ፣ የሚያንገጫግጭ ሜዳ ማለት ነው። ሙቀቱም ከሰመር አይተናነስም። ሳይክሉን ስለምንሸከመው የውሃ ኮዳ ማስቀመጫ አንገጥምም፤ ስለዚህ ጠጥቶና ሰውነትን ከሙቀት ጋር አላምዶ መምጣት ነው። እኔ አንዳንዱን ቀላል ግልቢያ ሆን ብዬ ረፋድ ላይ አድርጌዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን አልወጣም። ጁላይና ኦገስት ላይ ከተራራው የሚመጣው መብረቅ አይታመንም።

ቀጥሎ ፍልሰታ መጣ። ኦገስት 7 ይገባል፣ 15 ቀን ነው፣ የሚውለውም የውድድሩ ወቅት ሊከፈት ሲል ነው። ጾሙን መተው አልፈለግኩም፤ ልምምዱንም። መጀመሪያውኑ ዕቅዱን በጾሙ ዙሪያ ሠራሁት። ከባዱን ሥራ ጁላይ ላይ ጨረስኩ፤ ፍልሰታን የማገገሚያና የቴክኒክ ጊዜ አደረግኩት። ጠዋት ባዶ ሆድ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ቀላል ግልቢያ። ከበላሁ በኋላ፣ ማምሻው ላይ ዝናቡ ካለፈ፣ ፓርኩ ውስጥ ጣውላና ኩርባ። ማታ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ከዚያ በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጬ። ስለ በሶ ሁልጊዜ የምለው አለኝ። የገብስ ዱቄት ነው፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ አያውክም፣ ዋጋውም ሱቅ ከሚሸጡት የስፖርት መጠጦች ጋር አይወዳደርም። ከጾሙ ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው፤ ፍልሰታ ባይኖር ያንን ዕረፍት በራሴ ፈቃድ አልወስደውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ የምቃወመው ልማድ አለ፤ የታላላቆቹን ፕሮግራም መቅዳት። ማቲዩ ቫን ደር ፑል በ2025 ሰባተኛ የዓለም የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮንነቱን ወስዷል። ግን እሱ የአስፋልቱን ውድድር ሁሉ ጨርሶ ሳይክሎክሮስ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ዲሴምበር ላይ ነው። ሥራ ያለው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የመጀመሪያ ውድድሩ ሴፕቴምበር ላይ የሆነ ሰው ሰመሩን እንደሱ ቢያደርግ አይሆንለትም። ከነሱ የሚቀዳው አጋለባቸው ነው። ኩርባ ላይ ዓይናቸው የት እንደሚያይ፣ ፍሬን ቀድመው ይዘው ቀድመው እንዴት እንደሚለቁ፣ እሱን ማጥናት ይጠቅማል።

የኦገስት መጨረሻ ቅዳሜዎችን ቦልደር፣ ቫልሞንት ባይክ ፓርክ አሳለፍኩ። በ2014 የአሜሪካ ሻምፒዮና የተካሄደበት ቦታ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ደረጃው ላይ ሳይክል ተሸክሞ መሮጥ ምን እንደሆነ እዚያ ይገባችኋል። ቀኝ ክንድ በሳይክሉ መሃል ገብቶ መሪውን ይይዛል፤ ሳይክሉ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል፤ ግራ እጅ ለመሮጥ ነፃ ይሆናል። ደረጃው ማለቂያ ላይ ቶሎ ሳይክሉ ላይ ለመውጣት አትጣደፉ። ሁለት እርምጃ ሜዳው ላይ ሮጣችሁ ብትወጡ ይሻላል።

የመጀመሪያው ውድድር ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ተመለከትኩ፤ የዙሮቼን ሰዓት። ከፈጣኑ መነሻ ዙር በኋላ ያሉት ዙሮች ሁሉ ተቀራራቢ ነበሩ፣ የመጨረሻው ጭምር። ካለፈው ዓመት ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ጣውላውና ደረጃው ላይ ነው። እዚያ ትንፋሼን አላጠፋም፤ ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ የምረግጥበት ጉልበት ይተርፈኛል።

ለሚቀጥለው ሰመር የቀረኝ አሸዋ ነው። ቤልጂየም ውስጥ ኮክሰይድ ላይ የሚወዳደሩትን ሳይ ይገርመኛል፤ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ እንደ አስፋልት ይሄዳሉ። ምሥጢሩ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ፈጥኖ መግባት፣ አንድ ማርሽ ከበድ አድርጎ ሳያቋርጡ መርገጥ፣ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ መሪውን ላላ አድርጎ መያዝና ቀድሞ የተሄደበትን መስመር ተከትሎ መውጣት። ስለዚህ ጁን ላይ፣ ገና እግሬ ሳይደክም፣ በሳምንት አንዱን ቀን ለአሸዋ ልሰጠው አስቤያለሁ። ዴንቨር አካባቢ ሳይክል የሚፈቀድበት ጥሩ አሸዋ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።